ምዕራፍ ስድስት፦ ብረትን የሚፈትነው እንጨት

ከጎንደር በስተሰሜን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚዘልቀው አገር ስለት የሌለው ቤት አይገኝም። ማጭዱ ለገብሱ፣ ምሳሩ ለፍልጡ፣ ካራው ለሥጋው፣ ገጀራው ለአጥሩና ለቅርንጫፉ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሥራ ዓይነት የሚበዛበት ገጀራው ነው። ይቆርጣል፣ ይመለምላል፣ ይልጣል፤ ሲያስፈልግም ጀርባው በዱላ እየተመታ ግንድ ይፈልጣል። ሌሊቱ በሚቆረቁርበት ደጋ ለብዙ ቀን የሚወጣ መንገደኛ አንድ መሣሪያ ብቻ ያዝ ቢባል የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ትልቅና የማይታጠፍ ስለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሲገዛ ነው። ሁለት ገጀራ ጎን ለጎን ቢቀመጥ፣ አንዱ ከፋብሪካ የወጣና ቀለም የተቀባ፣ ሌላው ቀጥቃጭ የሠራውና የመዶሻ ምልክት ያለበት ቢሆን፣ የትኛው እንደሚሻል ዓይን አይለይም። ወረቀት መቁረጡ ወይም የክንድ ጸጉር መላጨቱም ማስረጃ አይሆንም። ማንኛውም ብረት፣ ለስላሳው ሳይቀር፣ በደንብ ከተሳለ ለአንድ ጊዜ ጸጉር ይላጫል። ማወቅ የምንፈልገው እንጨት ላይ ደጋግሞ ካረፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። ያንን የሚነግረን ራሱ እንጨት ነው፤ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ደግሞ ለስላሳውንም ጠንካራውንም እንጨት ይዟል።

ፈታኙን ማወቅ

ብረቱን ከመፈተን በፊት ፈታኙን እንጨት ማወቅ ይቀድማል። የኦስትሪያው ተመራማሪ ገብርኤል ጃንካ እ.ኤ.አ. በ1906 ያቀረበው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። 11.28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ እስከ ግማሿ ድረስ እንጨት ውስጥ እንድትገባ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ይለካል። ይህ መለኪያ በሌለበት ክብደት ጥሩ ምልክት ነው። ወይራ ሲደርቅ አንዱ ኪዩቢክ ሜትር ወደ 1000 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ውሃን በክብደት ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ነጭ ባህር ዛፍ ከ800 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ጥድ ደግሞ 600 ኪሎ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ጥድ ላይ ያማረ ውጤት ያሳየ ገጀራ ወይራ ላይ ሊያሳፍር ይችላል።

ርጥበቱም ልዩነት ያመጣል። ዛፍ ገና ሲቆረጥ በውስጡ ብዙ ውሃ አለ። እየደረቀ ሲሄድ፣ የውሃው መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ጥንካሬው እምብዛም አይለወጥም። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ውሃው የሚለቀቀው ከቃጫው ግድግዳ ነውና ቃጫው ራሱ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል። ርጥብ ባህር ዛፍን በቀላሉ የሚጥል ገጀራ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዛፍ ደረቅ ግንድ ላይ የሚነጥረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር አቅጣጫው ነው። ቃጫው ከሥር ወደ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ግንዱን ወርዱን የሚመታ ሰው ቃጫዎቹን ይበጥሳል፤ ቁመቱን የሚመታ ሰው ግን ያለያያቸዋል። ማለያየት ከመበጠስ እጅግ ይቀላል። ቅርንጫፍ በወጣበት ቦታ፣ ማለትም ጉጥ ላይ፣ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። የቅርንጫፉ ቃጫ የግንዱን አቋርጦ ስለሚያልፍ ስለቱ መበጠስንም ማለያየትንም በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። የደረቀ የወይራ ጉጥ ከባዱ ፈተና የሚሆነው ጥንካሬውና ይህ መጠላለፍ ስለሚደመሩ ነው።

ብረቱ ከየት መጣ

ቀጥቃጭ ለትልቅ ስለት ከሚመርጣቸው ብረቶች አንዱ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሲጫኑት ታጥፎ ሲለቁት እንዲመለስ የተሠራ ነው። በውስጡ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ እንደ ዓይነቱም ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ከ0.3 በመቶ በታች ነው። ሁለቱም ሲቀሉ ይቀጠቀጣሉ፣ ሁለቱም ሲሳሉ ያበራሉ። ካርቦን ያነሰው ግን ቀልቶ ቢነከርም በቂ ጥንካሬ አያገኝም፤ ከፌሮ የተሠራ ገጀራ ስለቱ ቶሎ የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከባሌስትራ የተሠራውም ቢሆን ጥሩነቱ በእሳቱ ላይ ይወሰናል። ወናፉ ከሰሉን ሲያነሳሳው ብረቱ መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሙቀቱ 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ጠንቃቃ ቀጥቃጭ ከዚህ ጥቂት አሳልፎ በእኩል ካቀላው በኋላ ይነክረዋል። ባሌስትራን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠጣት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚያቀዘቅዘው ይስማማዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ግን ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ሥራው ገና አላለቀም።

የእጅ ጥበቡ የሚታየው ቀጥሎ ነው። የጠጣው ብረት በድንጋይ ተፈግፍጎ ነጭ ገላው ይወጣል፤ ከዚያ ከጀርባው በኩል እንደገና ይሞቃል። ሙቀቱ ወደ ስለቱ ሲጓዝ በነጩ ገላ ላይ ቀለም ተከታትሎ ይመጣል። በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቀለም፣ በ260 ገደማ ቡናማ፣ በ280 ገደማ ሐምራዊ፣ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። እንጨት ለሚመታ ስለት ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ሊለወጥ ሲል፣ ጀርባው ግን ሰማያዊ ሲሆን ማቆም ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ጠርዙ ስለቱን ይይዛል፣ ጀርባው ምት ይችላል። ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በቅጽበት ስለሆነ ቀጥቃጩ ዓይኑን ከብረቱ ላይ ማንሳት አይችልም። ያለ ቴርሞሜትር የሚከናወን የሙቀት ልኬት ነው፤ ሳይንስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፋብሪካ የዚህ ሥራ ውጤት በሮክዌል መለኪያ ይታያል። ሂዩ እና ስታንሊ ሮክዌል የተባሉ አሜሪካውያን መሣሪያውን የፈለሰፉት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። እንጨት ለሚመታ ትልቅ ስለት በዚህ መለኪያ ከ52 እስከ 58 ያለው ጥንካሬ ይመረጣል። መለኪያው በሌለበት ሞረድ ይተካዋል። ሞረዱ ስለቱን በቀላሉ ከበላው ብረቱ አልጠጣም። ጨርሶ ሳይነካው ከተንሸራተተ ከመጠን በላይ ጠንክሯልና ሊሸረፍ ይችላል። እያስቸገረ ከበላው ተገቢው ቦታ ላይ ነው። ይህን በጠርዙም በጀርባውም ሞክሮ ልዩነቱን ማየት ስለ ቀጥቃጩ ሙያ ብዙ ይናገራል።

አራቱ ፈተናዎች

ሁለት ገጀራ ሲወዳደር ፍርዱ ትክክል እንዲሆን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድንጋይ፣ በአንድ ዓይነት ማዕዘን መሳል አለባቸው። እንጨቱ ከአንድ ግንድ፣ ውፍረቱም እኩል ይሁን። በአንዱ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ግን ስህተት ነው፤ የቆራጩ ድካም ሁለተኛውን ይበድለዋል። ጥቂት በዚህ፣ ጥቂት በዚያ እያፈራረቁ መምታት ያስፈልጋል። አዲስ ገጀራም በመጀመሪያ ስለቱ ብቻ አይፈረድበትም። በፋብሪካ ሲሞረድ ጠርዙ በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የብረቱ እውነተኛ ጠባይ የሚታየው አንድ ሁለት ጊዜ በእጅ ከተሳለ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ቀጥ ብሎ ወርዱን የሚያርፍ ምት ቃጫውን ጨምቆ ይቆማል፤ በ45 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ምት ግን ጠልቆ ይገባል። አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ሲመታ በመሃል ያለው ፍላጭ ተፈናጥሮ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚፈተነው ከብረቱ ይልቅ ቅርጹ ነው። ከስለቱ ኋላ ያለው ገላ በጣም ቀጭን ከሆነ ገጀራው ጠልቆ ይገባና እንጨቱ ይዞ አይለቀውም። በጣም ወፍራም ከሆነ ሳይገባ ይነጥራል። ትንሽ ነፋ ያለ ሆድ ያለው ግን ይገባል፣ ፍላጩን ገፍቶ ይጥላል፣ በቀላሉም ይወጣል። ስለዚህ የምቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የፍላጩን ስፋትና ገጀራው ስንቴ እንደተያዘ ማስተዋል ይገባል።

በዚሁ ፈተና እጀታውም ይመዘናል። እያንዳንዱ ገጀራ ብረቱ ላይ ሲመታ እጅን የማይነዝር ቦታ አለው። እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ብረቱን ከጫፉ ጀምሮ በትንሽ እንጨት ማንኳኳት ቦታውን ያሳያል። ይህ ቦታ በተፈጥሮ ሲመቱ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ክፍል ከሆነ መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ያሠራል። እጀታው ውስጥ የገባው የብረቱ ጭራ አጭር ከሆነ ግን ምቱ በመጋጠሚያው ላይ ይጠራቀምና እዚያው ይሰበራል። ለእጀታ ወይራና ክትክታ ይመረጣሉ፤ ቢሆንም ሳይደርቁ ከተገጠሙ ኋላ ተኮማትረው ይላላሉ። የላላውን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለጊዜው ያጠብቀዋል። ነገር ግን ያበጠው እንጨት ከብረቱ ጋር ተጨናንቆ ቃጫው ይደቅቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። መፍትሔው ደረቅ እንጨትና ሽብልቅ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ደረቅ ወይራ ነው። እዚህ ኃይል አያስፈልግም፤ መጠነኛ ምቶች ይበቃሉ። ከዚያ ገጀራውን አገላብጦ፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ በፀሐይ ብርሃን መመልከት ነው። ጤናማ ስለት አያበራም፤ ብርሃን የሚያርፍበት ስፋት የለውምና። አንድ ነጭ ነጥብ ወይም ቀጭን መስመር ብልጭ ካለ እዚያ ላይ ስለቱ ተጎድቷል። ጥፍርን ከጀርባ ወደ ጠርዝ ቀስ ብሎ ማንሸራተት የጉዳቱን ዓይነት ይለያል። በአንድ ወገን ብቻ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ስለቱ ታጥፏል፤ ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ጎድጓዳ ከተሰማ ተሸርፏል፤ ብረቱ ከልክ በላይ ደርቋል ወይም ስለቱ ከልክ በላይ ሳስቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሁለቱ ጎን ድምር ከ40 እስከ 50 ዲግሪ እንዲሆን ወፈር አድርጎ ስሎ መድገም ነው። ጉዳቱ ካልተመለሰ ጥፋቱ የአሳሳሉ ነበር። ከተመለሰ የብረቱ ነው። ይህን ሳይለዩ «ብረቱ አይረባም» ማለት ቀጥቃጩን ያለ ፍርድ መኮነን ነው።

ሦስተኛው ፈተና መፍለጥ ነው። ስለቱ በጉማጁ አናት ላይ በቁመቱ ይቀመጥና ጀርባው በወፍራም ዱላ ይመታል። ጫፉ ከጉማጁ ባሻገር መትረፍ አለበት፤ ካልተረፈ ገብቶ ሲቀበር የሚመታ ቦታ አይኖርም። በብረት መዶሻ ጀርባውን መምታት ክልክል ነው፤ ሁለቱም ብረት ስለሆኑ ስንጣሪ ሊፈናጠርና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጉጥ ያለበትን መምረጥም ገጀራውን ማሰቃየት ነው። ልምድ ያለው ሰው ስንጥቁን በገጀራ ከከፈተ በኋላ ከወይራ የተጠረበ ሽብልቅ አስገብቶ ይጨርሰዋል። የፈተናው ዓላማ ብረቱ መጣመሙንና እጀታው መላላቱን ማየት ነውና ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

አራተኛው ፈተና ከሁሉም ይረቃል። ሦስቱን ያለፈው ገጀራ፣ እንደገና ሳይሳል፣ ደረቅ የጥድ ፍልጥ ላይ ቀጭን ፍቅፋቂ ያወጣል ወይ? ሰሜን በክረምት ጉም ሲወርድና ጭራሮው ሁሉ ሲርስ እሳት የሚያያዘው በዚህ ነው። የእንጨቱ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ተጠቅልሎ የሚወጣ ስስ ፍቅፋቂ ደግሞ ክብሪት ሲነካው ይያያዛል። ግንድ የሚጥል ግን ፍቅፋቂ የማያወጣ ብረት ግማሽ መሣሪያ ነው። ሁለቱንም የሚችል ብረት ላይ ቅርጹ፣ እሳቱና አሳሳሉ ተስማምተዋል።

ይህ ቅደም ተከተል የደጋ ሰው ፈሊጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የስለት ቀጥቃጮች ማኅበር የሙያ ደረጃ ለሚጠይቁ አባላቱ ተመሳሳይ ፈተና ያቀርባል። ተፈታኙ ርዝመቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ብረት ያለው ቢላ ሠርቶ ይመጣል። በነጻ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይበጥሳል፤ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፤ በዚያው ስለት የክንድ ጸጉር ይላጫል። በመጨረሻም ብረቱ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ከተሰበረ ወድቋል። ጸጉር መላጨቱ ከእንጨቱ በፊት ቢሆን ኖሮ ምንም ባላስረዳ ነበር። ከእንጨቱ በኋላ መሆኑ ማስረጃ አደረገው።

የማይፈተንበት ቦታ

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተከለለ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ 12 የዩኔስኮ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር የገባ ነው። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተመድቦ ቆይቷል። እዚያ ያለው አስታ፣ ጅብራና ኮሶ የገጀራ መሞከሪያ አይደለም። አስታው በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ ያድጋል። ጅብራ ለብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር አይተውም። ግንዱም ለስላሳ ስለሆነ ለፈተና እንኳ አይጠቅምም።

ለፈተና የሚሆነው ከባለቤቱ የተገዛ ባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የሚያቆጠቁጠው ግን አቆራረጡ ካማረ ነው። ጉቶው ከመሬት ዝቅ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር ዘንበል ተደርጎ፣ ልጡ ሳይገነጠል መቆረጥ አለበት። ዱልዱም ገጀራ ልጡን ይገነጥለዋል፣ ጉቶውንም ይሰነጥቀዋል። ስለታም ገጀራ የቆራጩን ጉልበት ይቆጥባል፣ ለባለ ዛፉም ቀጣዩን ምርት ያተርፍለታል። ለወይራው ፈተና ደግሞ የቆመ ዛፍ መንካት አያስፈልግም፤ ለማገዶ የተገዛ ደረቅ ፍልጥ ይበቃል።

ውጤቱ ወደ ማን ይመለስ

ስለ ስለት ሲነገር ስለ ቀጥቃጩ ዝም ማለት አይገባም። በወገራና በሰሜን ለዘመናት ብረት ከቀጠቀጡት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ በተደረጉ ጦርነቶች ብዙዎቹ ርስታቸውን አጥተዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ርስት ማጣታቸው ወደ ብረት ሥራ፣ ወደ ግንበኝነት፣ ወደ ሽመናና ወደ ሸክላ ገፋቸው። ሞፈሩ የሚታጠቀው ማረሻ፣ እህሉን የሚያጭደው ማጭድ፣ ዛፉን የሚጥለው ምሳር ከእጃቸው ወጣ። ባለ እጅ የተባሉት ቤተ እስራኤላውያንም ሌሎቹም ቀጥቃጮች በምላሹ ያገኙት ቡዳ መባልን ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ ሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ብዙ ሙያ አብሮ ሄደ።

ጎጂው ነገር ስድቡ ብቻ አልነበረም። የተሰደበ ባለ ሙያ ሥራው በምን እንደጎደለ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ስለቱ ሲታጠፍ ገዢው ቀጥቃጩን ይረግማል፣ ሌላ ይገዛል፤ ቀጥቃጩ ግን ብረቱ ፌሮ በመሆኑ ይሁን ቀለሙ ሰማያዊ እስኪሆን በመቆየቱ ሳያውቅ ይቀራል። ገበያውን ከፋብሪካ የሚመጣው ዕቃ ሲወስድበትም ምክንያቱ አይነገረውም። ፋብሪካ ምርቱ የሚሻሻለው እያንዳንዱ ጉድለት ተመዝግቦ ወደ ሠራተኛው ስለሚመለስ ነው። የአገር ቤት ቀጥቃጭም የሚገባው ይኸው ነው።

ስለዚህ አራቱን ፈተናዎች የፈጸመ ሰው አንድ ሥራ ይቀረዋል። ገጀራውን ይዞ ወደ ሠራው ሰው መመለስ፣ ስለቱን በብርሃን ማሳየት፣ የትኛው እንጨት ላይ፣ በምን ማዕዘን ተስሎ፣ የት ላይ እንደታጠፈ ወይም እንደተሸረፈ መንገር ነው። ጥሩ ከሆነም ጥሩ መሆኑን በሰው ፊት መመስከር፣ ለሚቀጥለው ሥራም ባሌስትራው ከየት እንደመጣ ጠይቆ ዋጋውን ሳይሸራርፉ መክፈል ነው። ቀጥቃጭ በዘር ስሙ ለብዙ መቶ ዓመታት ተመዝኗል። ትክክለኛው ሚዛን ሥራው ነው፤ ያንን ሚዛን ደግሞ የደረቀ የወይራ ጉጥ የያዘ ማንኛውም ገዢ ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።